ከአንገቱ አራት ሴንቲ ሜትር

— ሄሎ… አቤት፣ እኔ ነኝ። ትሰማኛለህ? ጮክ በል፣ ፓምፑ እየሠራ ነው።

— አሁን እሰማሃለሁ። … ኮሚቴዎቹ ተሰበሰቡ? አምስት ሰዓት አላሉህም ነበር? … እኛ ደግሞ ችኩሉ አንተ ብቻ መስለኸን።

— ተው፣ የሚሉትን አውቃለሁ። «ሙት ወቃሽ አያድርገን» እያሉ ነው የሚወቅሱት። ቁጥሩን ከራሱ ፈጥሮ ጻፈ፣ ነው አይደል? ዛሬ ከፈረሙበት የባለቤቴ፣ የጋሼህ፣ የሠላሳ ዓመት ሥራ በዚህች ቃል ይዘጋል። … አትጨቃጨቃቸው። ጸሐፊያቸው አይደለህ? የምነግርህን ጻፍ። ጋሼህ ያስተማረህ መጻፍ ነው።

— አባባ! ስንት ቀረው? … ባለፓምፑ ስድስት ደቂቃ ይላሉ። ፓምፑ አየሩን መጥጦ ታንኩን ባዶ ካላደረገ ቫልቩ አይከፈትም።

— ለማያውቅ ሰው እንደምታስረዳ አድርገህ ጻፈው፣ የኮሌጁ ዲን የሕግ ሰው ናቸው። ቫልቩ ሲከፈት የክፍሉ እርጥብ አየር በመግቢያው ወደ ባዶው ታንክ ይሳባል። ቱቦው እንደ ጠርሙስ አንገት ይጠብና እንደገና ይሰፋል። አየሩ እዚያ ሲፈተለክ ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱ ጠብታ ይሆናል። ጉሙ የት ላይ እንደጀመረ በቀዩ ጨረር እንለካለን። … አዎ። ጋሼህ ከአንገቱ አራት ሴንቲ ሜትር ላይ አየሁ አለ። ከእሱ በኋላ የለካ ሁሉ ስድስት። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ስድስት።

— ዛሬ ጠዋት ግን አራት ሴንቲ ሜትር ሆነ።

— አልተሳሳትኩም። እኔም እንዳንተ አላመንኩም፣ ዓይኔን አሸሁ። የቱቦውን መስታወት ጠረግሁ። ሰው የተነፈሰበት ይመስል ነበር… ከውስጥ በኩል።

— ምን ተለወጠ? የልብስ ሎከሩን ላጸዳ ጋዋኑን አውጥቼ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት፣ እሱ ብቻ። … የሱን ጋዋን፣ አዎ። ከአየር መግቢያው አጠገብ ያለው ሚስማር። ክፍሉ ስለሚሞቅ ሁልጊዜ ከመለካቱ በፊት አውልቆ እዚያ ይሰቅለው ነበር፣ ታስታውሳለህ? … ሁላችንም አየነው። ማናችንም ልብ አላልነውም።

— ገባህ። እንፋሎት የሚጠለልበት ብናኝ ካገኘ ቶሎ ጠብታ ይሆናል። ከጨርቁ የሚረግፈውን አንገቱ ይስበዋል፣ ጠብታው በዚያ ላይ ይበቅላል። … ጠመኔ ይሁን፣ ትምባሆ ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ አላውቅም። … አልታጠበም። በፌስታል ታስሮ ነበር። … ለምን እንዳልታጠበ የቤቴ ጉዳይ ነው፣ እሱን አትጻፍ።

— ጨርቁ አየሩን አግዶት ነው እንዳይሉ የአባባን ጋዋን ሰቅለን ሞከርን። ስድስት። የሱን መለስነው። አራት ነጥብ ሰባት። … አዎ፣ ያው ሚስማር፣ ያው ጋዋን። ብናኙ እያለቀበት ነው።

— ሁለት ጊዜ አይበቃም? ከስብሰባው ውስጥ ማን እንዲህ አለ? … «ሦስቴ ያልታየ አልታየም።» አይ፣ የገዛ አባባሉን መልሰው በራሱ ላይ! … የለም፣ እውነታቸውን ነው። እሱም ቢሆን በሁለት አይፈርምም ነበር።

— የቀረው ጥቂት ነው፣ ገባህ? ቫልቩን ከከፈትን ታንኩ ይውጠዋል፣ ከዚያ ተለቅሞ አይመለስም። … ካልከፈትነው? ካልከፈትነውማ ውሸታም እንደተባለ ይቀራል።

— አባባ፣ ምነው ወደ በሩ ሸሹ? … የሰው ልብስ አልፈራም ይላሉ፣ ግን አይጠጉትም። … እጅጌውን አይተው ነዋ። ቫልቩ ሲከፈት ወደ መግቢያው ይዘረጋል። ቀስ ብሎ፣ ክንድ እንዳለበት። … ነፋስ መሆኑን አውቃለሁ። አውቄም ጀርባዬን አልሰጠውም።

— ባዶ ሆነ? … እሺ። ችኩሌ፣ ሰዓቱን ጻፍ። … ይክፈቱት፣ አባባ። አንድ… ሁለት…

— …

— ሄሎ? … ጩኸቱ ነው፣ ታገሥ። … አምስት ነጥብ አንድ! አየሁት፣ አባባም አዩት። አምስት ነጥብ አንድ ብለህ ጻፍ። … አዎ፣ በቃ፣ ሦስቴ ታየ።

— አይዝጉት፣ አባባ! ታንኩ እስኪሞላ ይቆይ። … ለኮሚቴው አይደለም። ልየው ብዬ ነው። … አምስት ተኩል። … እጅጌው እንደተዘረጋ ነው። … አምስት ነጥብ ስምንት…

— ስድስት።

— እዚያው ቆመ። እንደማንኛውም አየር። … ደህና ነኝ። ግባና አንብብላቸው። የለካው የጋዋኑን ብናኝ ጭምር ነው፤ ስህተት ነበር፣ ውሸት አልነበረም። ሁለቱንም ድምፅህን ሳትቀንስ አንብብ። … ምን? ጋዋኑን?

— አጥበዋለሁ። … አዎ። በል፣ ይጠብቁሃል። ደህና ሁን።