ጠንከር አድርገው ይምቱኝ

አትሳቁብኝ፤ እኔ በስቅለት ዕለት ካህን ላይ የጮህኩ ሰው ነኝ። መቀሌ፣ ቁሓ ያለ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ዘይት መሙላት ረስቼ የደንበኛ መኪና ሞተር ነክሶ ተበላሸ። አለቃችን ሲጠይቅ ግን «ሓጎስ ነው» አልኩ። ባልንጀራዬ ሓጎስ በዚያው ቀን ተባረረ።

ይህን ተሸክሜ በስቅለት ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ዋልኩ። በመጨረሻ ካህኑ እንደ ልማዱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን ሲጠበጥቡ ተራዬ ደረሰ፤ ጥፋቴን በጆሯቸው ነገርኳቸው። ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ነካ ነካ አደረጉኝ። በቃ! ደሜ ፈላ። «አባ፣ ጠንከር አድርገው ይምቱኝ እንጂ! ሰው ያስባረርኩ ነኝ!» ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ወደይ፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «የእግዚአብሔር ፍርድ በእኔ ቅጠል የሚፈጸም መሰለህ? ምቱን ምንም ያላጠፋው ጌታ በመስቀል ላይ ተቀብሎልሃል። ይሄ ማስታወሻው ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«በአንተ ፈንታ አንድ ንጹሕ መቀጣቱ ይበቃል። ሂድና ሓጎስን ነጻ አውጣው።»

ደረቴን የተጫነኝ ነገር እዚያው ለቀቀኝ። ትከሻዬ ላይ የቀረውን የወይራ ቅጠል እንኳ ሳላራግፍ፣ በቀጥታ አለቃችን ቤት ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።