ከሰላምታ ጋር፣ ወይዘሮ ቴልማ

ሄሎ?... ሄሎ፣ ማን ልበል?... ኔቪል! ምነው ወንድሜ፣ ድምፅህ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል... የት ገብተህ?... መጸዳጃ ቤት? ሌሊቱን ሙሉ ቆጥራችሁ፣ ነግቶም አላለቀም?

— ጆዲ፣ አጎትሽ ነው፣ ከምርጫው ድምፅ ቆጠራ ነው የሚደውለው። ኧረ አትነሺ! እግርሽን ትራሱ ላይ አድርጊ ብዬሻለሁ።

እ?... ደህና ናት። ጠዋት ወገቧን ያዝ አድርጓት ነበር፣ የውሸት ምጥ ነው ትላለች። ቀኗ ገና ነው... እሱን ተወውና ማን አሸነፈ?... እንዴት አልታወቀም?... ሦስቴ ቆጥራችሁ?... ክራውተርና የእናንተዋ ፔንሮዝ እኩል?! ወይ ጉድ!

ምን?... የምን አረንጓዴ ቀለም?... ቀስ በል፣ ምንም አልገባኝም። አንድ ወረቀት ብቻ ቀርቷል... እሺ... አጠራጣሪ ነው... በአረንጓዴ እስክሪፕቶ...

...

አዎ። የኔ ነው።

አትጩህብኝ! በክር የታሰረች እርሳስ አስቀምጠው በዚች ጻፉ ይላሉ። እርሳስ ይጠፋላ! አላምናቸውም፣ የራሴን እስክሪፕቶ ይዤ ሄድኩ።

አዎ፣ ከስማቸው ጎን «አይሆንም» ብዬ ነው የጻፍኩት... የዶሮ ልብስ ለብሶ ለሚወዳደረው ቀልደኛ፣ አይሆንም። ለፔንሮዝህም፣ አይሆንም... ምን ላድርግ ታዲያ? ክራውተር ማዋለጃችንን ሲያዘጋ ያንተ ፓርቲ የት ነበር? እጁን አጣጥፎ ያይ አልነበር? ምርጫ ሲደርስ መጥታ በተዘጋው በር ፊት እየሳቀች ፎቶ ተነሳች!... አውቃለሁ፣ አስከፍተዋለሁ ብላለች። ከሷ በፊት ስንቱ ብሏል? ከድጡ ወደ ማጡ ነው የሆነብኝ። ታከተኝ ኔቪል! ማንንም አልፈልግም ማለት መብቴ አይደለም?

ለክራውተር?... ለእሱ ምንም አልጻፍኩም፣ ባዶ ተውኩት... እንዴት ለምን ትለኛለህ? ልጄ የምትወልድበትን ቤት ያዘጋ ሰውዬ፣ አይሆንም ለመባል እንኳ አይበቃም። ንቄው ነው!

... ምን አልክ?... እስቲ ድገመው።

ለሌሎቹ ሁሉ «አይሆንም» ካለች... የቀረውን መርጣለች ማለት ነው?... ማነው እንዲህ የሚለው?... የክራውተር ታዛቢ! የቆጠራው ኃላፊስ?... ደንቡን እያገላበጠ ነው... ሊቀበለው ይችላል?... ኧረ አትበለኝ! እኔ? ለክራውተር? ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉት ለእሱ ኖሯል!

— ምንም አልሆንኩም ጆዲ። ሻዩን ተይው፣ ይቀዝቅዝ... እንደገና ያዘሽ? አለፈልሽ?... እሺ የኔ ልጅ፣ በደንብ ተንፍሺ።

ኔቪል፣ ካፖርቴን እያነሳሁ ነው። ልምጣ? መጥቼ «እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም» ልበላቸው?... አይቻልም?... ስሜ እዚያው ላይ ተጽፎ እንዴት አይቻልም?

የምን ስም? የኔ ስም ነዋ! ፈርሜበታለሁ እኮ... ከጀርባው። ፊት ለፊቱ ጠበበኝ። «ከሰላምታ ጋር፣ ወይዘሮ ቴልማ ብራትዌይት፣ ሃርበር መንገድ» ብዬ... ምን ያስቅሃል? አባባ ምን ይል ነበር? ስም የሌለው አቤቱታ ለምድጃ ማቀጣጠያ ነው አላለም?... ጀርባውን አላያችሁትም?... እ፣ ከጀርባ ያለው የወረቀቱ ቁጥር እንዳይታይ ሁሉም ፊቱ ወደ ላይ ነው የሚቀመጠው... እና ስም ካለበትስ?... ውድቅ?... የማን እንደሆነ የታወቀ ድምፅ አይቆጠርም? እርግጠኛ ነህ?

ታዲያ እዚያ ምን ታደርጋለህ፣ ሩጥ! ገልብጡት በላቸው!... ይወቁኝ! ሰፈሩ ሁሉ ይሳቅብኝ፣ ክራውተርን መረጠች ከምባል ይሻለኛል። ስልኩን እንዳትዘጋው!

...

— አይ ጆዲ፣ አልተቆጣሁም። ለአጎትሽ ነው የጮህኩት... ምንም አይደለም፣ አንድ ወረቀት ነው።

ሄሎ? ኔቪል፣ ትሰማኛለህ?... ገለበጡት?... እ... እ... ውድቅ! ተመስገን! እፎይ... ጮክ ብሎ አነበበው? «ከሰላምታ ጋር»ንም? ይሳቁ፣ ግድ የለኝም።

እና አሁንስ?... እኩል ለእኩል... ከእንግዲህ አይቆጠርም?... በምን?... በዕጣ?! ሁለት ስም አጣጥፋችሁ... ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ? ያ ሁሉ ሰው ዝናብ ላይ ተሰልፎ መርጦ፣ ከብስኩት ቆርቆሮ?

...

ቆይ ኔቪል። ቆይ እስቲ። እኩል ከሆኑ... እኔ ትናንት ለፔንሮዝ አንዲት ምልክት አድርጌ ብሆን ኖሮ...

በአንድ ድምፅ ታሸንፍ ነበር።

... አታጽናናኝ። ገብቶኛል።

— ጆዲ? ምነው? ምን ፈሰሰ?... የእንሽርት ውሃሽ ነው? መጣሁ፣ መጣሁ! ሶፋውን ተይው፣ ይታጠባል!

ኔቪል፣ ምን ጫጫታ ነው የምሰማው? አወጡት?... ለማን ነው የሚጨበጨበው?... አትንተባተብ፣ ቁርጡን ንገረኝ።

... ክራውተር።

አላለቅስም። ዕጣ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም አትበለኝ። ዕጣውማ ትናንት በእጄ ነበር።

— ያዢኝ የኔ ልጅ፣ ተደገፊኝ። ሻንጣሽ በሩ ጋ ነው... አይ፣ እዚህ ኮረብታው ላይ ወዳለው ማዋለጃ አይደለም፣ እሱ ተዘግቷል። እኔ የተወለድኩበት፣ አንቺም የተወለድሽበት ነበር... ከተማ ድረስ ነው የምንሄደው። ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ ግን እንደርሳለን። እንደርሳለን አልኩሽ!

ኔቪል፣ ልዝጋው። ምጡ የውሸት አልነበረም።