ባለሚዛኑ ከግንቡ ውጭ

ልታጽናኑን የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሆይ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ባለሚዛኑ» እያለ የሚጠራቸውን የታላቅ ወንድሜን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ቤተሰቡ መርጦኛል፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁና ንባቤ ቢደነቃቀፍ ታገሡኝ።

ባለሚዛኑ ከሚዛን ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በበኩር ልጅነት የተወለዱ ሲሆን፣ ዘመኑን እናታችን ወንዙ ድልድዩን በወሰደበት ዓመት፣ አባታችን ደግሞ ድልድዩ በተጠገነበት ዓመት ነው ይሉ ስለነበር፣ አንዱን መምረጥ ተስኖኝ ትቼዋለሁ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የአባታችን ዐይን በመድከሙ፣ በገበያው መግቢያ ያለችውን ጠባብ ሱቅ ተረክበው አርባ አንድ ዓመት ሚዛን ሲጠግኑ ኖረዋል። አሠራራቸው የቸኮለ ደንበኛን የሚያንጨረጭር ነበር፤ ማንም ሚዛኔ ይዋሻል ብሎ ቢመጣ፣ ምንም ከመጫናቸው በፊት ሳህኖቹን አራግፈው ባዶውን ሚዛን ትክ ብለው ያዩታል፤ ባዶው ሳይፈተሽ በተጫነው ላይ አልፈርድም ይሉ ነበርና። ባለቤታቸውን ያገኟቸውም የዱቄት መሸጫቸውን ሚዛን ሊያስጠግኑ በመጡ ጊዜ ሲሆን፣ ሚዛኑ ምንም እንከን ሳይኖረው አራት ጊዜ ተመላልሰው ማስፈተሻቸውን ባለቤታቸው ዛሬም አይክዱም። በትዳራቸውም አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

እኔ በከተማችን ቡድን አሥራ አንድ ዓመት በረኛ ነበርኩ። በመጀመሪያው ዓመት ባለሚዛኑ ሱቃቸውን ዘግተው ካዩልኝ ዘጠኝ ጨዋታዎች ሰባቱን ስለተሸነፍን፣ አንድ ቀን ራት ላይ ዘጠኙንም በጣቴ እየቆጠርኩ፣ እሳቸው ስታዲየም ሲገቡ ግብ እንደሚገባብኝ፣ ቢቀሩ ግን እንደምናሸንፍ ለቤተሰቡ አስረዳሁ። እሳቸው ባልተገኙባቸው ጨዋታዎችም ያንኑ ያህል መሸነፋችንን አላነሣሁም። ክርክሬ አፍ የሚያስይዝ ነበርና ሁሉም በሐሳቤ ተስማማ፤ ባዶውን ሳያዩ የማይፈርዱት ወንድሜ ስለቀሩባቸው ጨዋታዎች ይጠይቁኛል ብዬ ስፈራ፣ እሳቸው እሺ ብለው ራታቸውን ጨረሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ስታዲየም አልገቡም። ከብዙ ዓመት በኋላ ዋንጫ ስንወስድም፣ ይኸው እሳቸው በመቅረታቸው ነው ብዬ በሰው ፊት ስቀልድ አብረውኝ ሳቁ።

ባለሚዛኑ በልብ ሕመም ስድስት ወር ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ዐርፈዋል። ትናንት ልጃቸው ከሱቁ መሳቢያ አንድ ደብተር አግኝታ ሰጠችኝ፤ በከተማችን የተጫወትኳቸው የአሥር ዓመት ጨዋታዎች ድሉም ሽንፈቱም ከነቀናቸው ተጽፈውበታል፣ ከእያንዳንዱም ጎን «ከግንቡ ውጭ» ይላል። ባለቤታቸውን ብጠይቃቸው፣ ወንድሜ ከስታዲየሙ ኋላ ካለው ግንብ ሥር ቆመው የሕዝቡን ጩኸት እየሰሙ ግብ ይቆጥሩ እንደነበር ነገሩኝ። ዋንጫ የወሰድን ዕለትም ዝናብ እየደበደባቸው እዚያው ነበሩ።

እንግዲህ እሳቸው የሉበትም ብዬ ባዶ ነው ያልኩት ሳህን ባዶ አልነበረም። ስሕተቴን እያወቁ ለምን እንደታዘዙኝ ግን አይገባኝም፤ ባለቤታቸው ከፍቅር ነው ይላሉ፣ ልጃቸው ደግሞ ግብ ሲገባብኝ የማሳብብበት እንዳላጣ ብለው ነው ትላለች፣ እኔ ግን የቱን እንደምይዝ ጠፍቶኛል። ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ገልጬ፣ ተሳስተሃል የሚል አንድ ቃል ብፈልግ አጣሁ።

ባለሚዛኑ ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ይህን የማነብላችሁን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ እኔ እንዳደረግኋቸው ከደጅ ሳያቆም፣ ወደ ውስጥ አስገብቶ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።