ለኳስ የተጠራ ዋስ

በኛ ጊዜ ኳስ የጨርቅ ነበረች። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን በሲባጎ ጥፍር አርገን እናስራታለን፣ እና አንድ ዝናብ ካገኛት አለቀላት፣ ድንጋይ ሆና ነው የምታድር። ማንም መጥቶ «ና ደሞዝ ልክፈልህ» አይልህም። ማን ይልሃል? አባትህ ራሱ «ከብቱን ጥለህ የት ነበርክ?» ብሎ በዱላ ነው የሚቀበልህ። ስቁ፣ ስቁ። እናንተ አሁን እዚህ ጥላ ስር ተቀምጣችሁ «እዚያ ክለብ ይሻላል፣ እዚህ ቤት ይሰጣሉ» ስትባባሉ ከጠዋት ጀምሮ እየሰማኋችሁ ነው። የደከመኝ ጉልበቴ እንጂ ጆሮዬ አይደለም።

እንድሪስ፣ አንተ ስልክህን አስቀምጥና ስማኝ። የእህቴን ልጅ የጀማልን ነገር ልንገራችሁ። አሁን ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እያነከሰ የሚያሰለጥናችሁን ጀማል አይደለም የምላችሁ፣ ያኔ የነበረውን ነው።

ያ ልጅ ወላሂ ሲሮጥ እግሩ መሬት የሚነካም አይመስልህም። እሱና ሞላ። ሞላ የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ የክርስቲያን ልጅ፣ ከጀማል ጋር አብረው ነው ያደጉት። ረመዳን ሲሆን ሞላ ለማፍጠሪያ እኛ ቤት ነው፣ ፋሲካ ሲሆን ጀማል እነሱ ቤት ነው፣ ሥጋውን አይነካም፣ ድፎውን ግን ብቻውን ይጨርሰዋል። ታዲያ ጀማል ከመሐል ያቀብላል፣ ሞላ ያገባል። ከጎረቤት ከተሞች የሮቢት ልጆች ቢሉ፣ የጎብዬ ልጆች ቢሉ፣ እነዚህን ሁለቱን መያዝ አቃታቸው። እህቴ ዘሀራ ባሏ የሞተባት ናት፣ ሽንኩርት ገበያ አውጥታ እየሸጠች ነው አራት ልጅ ያሳደገች፣ እና ጀማል የበኩሯ ነው። ተስፋዋ ሁሉ እሱ ላይ ነበር። ኳስ አይታ አታውቅም፣ ግን ልጇ ያገባ እንደሆነ ከሜዳው ጩኸት ለይታ ታውቀው ነበር።

ታዲያ ያን ጊዜ ከቡድናችን በየዓመቱ አንድ ልጅ ይሄድብናል። ልጅ ጎልቶ ከወጣ በቃ፣ ለክለብ ተጫዋች የሚፈልግ አንድ ባለ መነጽር ሰውዬ ከመኪና ይወርድና ጨዋታ አይቶ ይዞት ይሄዳል። እና ከተማው ተናደደ። ባለ ሱቁ «ጫማ የገዛሁ እኔ!» ይላል። ባለ ባጃጁ «በነጻ ያመላለስኩ እኔ!» ይላል። ልጁን ሁሉም ወለደው፣ እናቱ ብቻ ናት ያልወለደችው! ታዲያ ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ፣ ለአያ ደምሌ።

አያ ደምሌን አልደረሳችሁበትም፣ ነፍሱን ይማርና ደም አድራቂ ነበር። እዚህ ራያ ሰው ተገድሎ ሁለት ቤተሰብ ሲጠባበቅ ሽማግሌ ይገባል፣ ሁለቱም ወገን ይምላል፣ መማል ብቻውን ደግሞ አይበቃም፣ ዋስ ይጠራል። የማለው ቢያፈርስ የሚያዘው ዋሱ ነው። ሰው ለራሱ ባይፈራ ለዋሱ ይፈራል። በዚህ ስንት ደም ደርቋል፣ ስንት ልጅ ከሞት ተርፏል፣ እኔ የምንቀው ነገር አይደለም።

ታዲያ አያ ደምሌ ከዘራውን መሬት ላይ ተክሎ፣ ድምፁን ወፈር አድርጎ፣ እንዲህ ነው ያለው፦ «ደም ያደረቅንበት ሥርዓት ኳስ ያቅተዋል? እያንዳንዱ ልጅ ቡድኔን ጥዬ አልሄድም ብሎ ይማል! ከጓደኞቹ መሐል ዋስ ይጥራ! አልሰማም ብሎ የሄደ ይሂድ፣ ዋሱ ግን የሄደው እስኪመለስ ከዚህ ቡድን አይወጣም!»

ሰው አጨበጨበ። እኔ ተነሳሁ፣ «አያ ደምሌ፣ ይሄ እኮ ደም አይደለም። ልጅ እንጀራ ፍለጋ ቢሄድ ማን ሞተ?» አልኩ።

«አንተ ስለ ኳስ ምን ታውቃለህ? ሂድና ማሽላህን ጠብቅ!» አሉኝ ከኋላ፣ ሳቁብኝ።

ዘሀራ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች። «አያ ደምሌ፣ ልጄን ለምን በሰው እግር ታስሩታላችሁ? ከሄደ በራሱ ጠይቁት፣ ከቀረም በራሱ ይቅር» አለች።

«አይዞሽ እህቴ፣ ቡድናችን ከፍ እስኪል ነው፣ ዘላለም አይደለም» አላት አያ ደምሌ።

እና ማሉ። ጀማል በቁርዓን፣ ሞላ በመስቀል። ሞላ የጀማል ዋስ፣ ጀማል የሞላ ዋስ። እየተጓሸሙ፣ እየሳቁ ነው የማሉት። ልጆች ናቸዋ!

ታዲያ ብዙም ሳይቆይ የሞላ አባት በኩላሊት በሽታ ወደቀ። ደሴ ያመላልሱታል፣ በሬው ተሸጠ፣ ሌላውም በሬ ተሸጠ፣ እና በዚያው ሰሞን ያ ባለ መነጽር መጣና ሞላን «ደሞዝ አለህ፣ ና» አለው። ሞላ ጀማልን ፍለጋ ማሳ ድረስ መጣ፣ እኔም እዚያው ማሽላ እያጨድኩ ነበር፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

«ምን ልሁን ጀማል?» አለው።

«አባትህ ምን አለ?»

«አባቴማ ምን ይላል፣ ያቃስታል እንጂ!»

«እንግዲያ ሂድ።»

«አንተስ? ዋሴ አይደለህ?»

ጀማል ማጭዱን አስቀምጦ ሳቀ። «እኔን ደግሞ ማን ፈልጎኝ ነው? ሂድ አቦ! አባትህን አሳክመህ ትመለሳለህ፣ እኔ የት እሄዳለሁ።»

ሞላ ተንበርክኮ ጉልበቱን ሊስም ሲል ጀማል ገፈተረው። እና ሞላ ሄደ። ከተማው ሞላን ሰደበ፣ እናቱን ገበያ ላይ ዘጓት። ጀማል ግን አንድ ቀን ስሙን በክፉ አላነሳም።

በሚቀጥለው ክረምት ማግስት ለጀማል መጡለት። እንደ ሞላው ክለብ አይደለም፣ ትልቅ ነው፣ ሬዲዮ ላይ የሚጠራ። የክለቡ ሰው ዘሀራ ቤት ድረስ መጥቶ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ስለ ደሞዙ ሲነግራት እህቴ እኔን ዞር ብላ አየችኝ፣ «ይመር፣ ይሄ ሰው ይቀልዳል እንዴ?» አለችኝ። ደሞዙ ልጆቹን ሁሉ የሚያስተምር፣ እሷን ከሽንኩርቱ የሚያሳርፍ ነው። እና ተያይዘን አያ ደምሌ ዘንድ ሄድን።

አያ ደምሌ «ተመለስ» ሊለው ሞላን በስልክ አስጠራው፣ ድምፁን ለሁላችን ከፍ አደረጉት። ሞላ እያለቀሰ ነው። «አያ ደምሌ፣ መልቀቂያ ከለከሉኝ! ደሞዝ ራሱ ከቆመ ወራት አልፎታል፣ ውል አፍርሼ ብመጣ ከሜዳ ያግዱኛል፣ የአባቴ መድኃኒትስ? ስለ እመብርሃን ጀማልን ልቀቁት! ጥፋቱ የኔ ነው!»

ሰው ተንጫጫ፣ ያ ያጨበጨበው ሁሉ አሁን «ይነሳለት፣ ይነሳለት» ይላል። ታዲያ አያ ደምሌ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ ዛሬ ለኳስ ብዬ መሐላ ካነሳሁ፣ ነገ ደም ያደረቅኩለት ሰው የደምሌ መሐላ ይነሳል ለካ ብሎ ጠመንጃውን ከግድግዳ ያወርዳል። ያኔ የሚሞተውን ልጅ እናንተ ትመልሱልኛላችሁ?» አለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ይሄን እወቁልኝ። እውነቱን ነው። ያን የመሰለ መሐላ ለኳስ ማዋሉ ነው ጥፋቱ።

የክለቡ ሰው «የፈረመው ውል አለ?» ሲል ጠየቀ። «የለም፣ መሐላ ነው» አልነው። «ታዲያ ምን ይይዘዋል?» ብሎ ሳቀ። ዘሀራ የልጇን እጅ ይዛ «ሂድ ልጄ፣ ወንጀሉ በኔ ይሁን» አለችው። ጀማል አቀርቅሮ፣ «እማ፣ ቁርዓን ላይ እጄን አኑሬያለሁ» አላት። በቃ። እና ሰውየው ሮቢት ወረደና ሌላ ልጅ ይዞ ሄደ፣ ጀማል ሁልጊዜ እንደ ሕፃን የሚያልፈውን ልጅ!

ከዚያ በኋላ ጀማል ሲጫወት አየሁት። ንዴቱን እግሩ ላይ አድርጎት ነበር። አንድ ቀን ከጎብዬ ጋር ሲጫወት፣ ማንም ሳይነካው፣ ሜዳው ላይ ያለ ድንጋይ እግሩን አዞረውና ወደቀ። ጩኸቱን ዘሀራ ቤቷ ሆና ሰማችው። ሐኪሙ «የጉልበቱ ጅማት ተበጥሷል፣ አዲስ አበባ ሄዶ ኦፕራሲዮን ይሁን» አለ። ከተማው ያዋጣል ተባለ። ታዲያ ባለ ጫማው የታለ? ባለ ባጃጁ የታለ? ሁሉም ሥራ በዛበት። ጉልበቱ እንዲያው እንዳበጠ ጠነከረና ቀረ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? አያ ደምሌ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ዘሀራ ቤት መጣ። ጀማል እግሩ ተጠቅልሎ ተኝቷል። «ልጄ፣ ተሰብስበን ፈትተንሃል። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ፈለግክበት መሄድ ትችላለህ» አለው። ጀማል «እሺ አያ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለ። ዘሀራ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከትያት ብሄድ ደረቷን ትደቃለች፣ ድምፅ ሳታወጣ።

ሞላስ አትሉኝም? አባቱ ሞተ፣ ክለቡም ሲፈርስ በተነው፣ እና ከጀማል ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አቅቶት በአፋር በኩል ወደ ሳውዲ ተነሳ። ድምፁ ከጠፋ ሰነበተ። ዘሀራም ዛሬ ድረስ ሽንኩርት ትሸጣለች።

ከዚያ ወዲህ ማንም ልጆቹን «ማሉ» ብሎ አያውቅም። ታዲያ ሰሞኑን ምን እሰማለሁ፣ ጀማል ራሱ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዶ «ልጆቹን አስምሉልኝ፣ ዋስ ይጥሩ፣ እየተበተኑብኝ ነው» አለ አሉ። ጀማል! ቤቱ ድረስ ሄድኩ። «አንተ ነህ ይሄን ያልክ? አንተ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ «አጎቴ፣ እኔ ቃሌን ጠብቄ እንዲህ ሆኛለሁ። እነሱ ምን ስለሆኑ ነው የማይጠብቁት?» አለኝ። ጉልበቱ ሲሰበር አዝኜለት ነበር፣ ያን ቀን ግን ፈራሁት።

ስለዚህ ስሙኝ። መሄድ ያማረው ይሂድ፣ መቅረት ያማረው ይቅር፣ ሁለቱም ያማል፣ እኔ አልዋሽም። ግን «ማሉ» ብለው ሲጠሯችሁ እንቢ በሉ! ወንድማችሁን መያዣ አታድርጉት! … እንድሪስ? ምነው አቀረቀርክ?

«አያ ይመር፣ ምለናል። እሁድ ለት።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! አንተ የማን ዋስ ነህ?»

«የከድር።»

«ከድር የታለ ታዲያ? ዛሬ አላየሁትም።»

«የኳስ ጫማውን ይዞ በጠዋቱ በደሴ መኪና ሄዷል።»