የአባ መጫ ምልክት ያለበት መላጫ

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከአጋሮ ወደ ጅማ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት ጸጉር አስተካካይ አጠገቡ ያሉትን መላጫ ሠሪ ሽማግሌ በጥያቄ ያዛቸው።

«አባ መጫ፣ መላጫዬን ካዘዝኩ ሦስት ወር ሆነ እኮ!»

«የአንጥረኞች ማኅበሩ ናስ ካልሰጠኝ በጥርሴ ልሥራው?»

«እኔማ የእርስዎ ምልክት ያለበትን ገበያ ላይ በርካሽ አገኘሁ። ይኸው።»

«አምጣ እስቲ… ይሄማ ቆርቆሮ ነው! የኔ ሥራ አይደለም። ምላጩ ከውስጡ ይንሸራተታል። ማንን ላጨህበት?»

«ገና ነው። የእህቴ ልጅ ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው፤ ጸጉሩን ልላጨው ነው የምሄደው።»

«ወላሂ ሕፃኑን በዚህ አትነካውም! ጅማ እንደደረስን መጀመሪያ ቤቴ ና፣ የራሴን ውሰድ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ጢሜን አሳድጋለሁ። ይሄን የገዛ ሁሉ ግን በተቆረጠ ቁጥር የሚረግመው እኔን ነው።»

ጠዋት የእሳቸው ምልክት ባለበት ርካሽ መላጫ ስላጭ የተቆረጠውን አገጬን በመዳፌ ሸፈንኩ።