ቃለ ጉባኤው ያልያዘው ቃል

አቶ ጉታ ዓርብ ጠዋት ሲቀላ ገበያ አጠገብ ወዳለችው የኸይሪያ ኮምፒውተር ቤት ሲገቡ ሐሳባቸው አጭር ነበር፤ አንድ ገጽ ተኩል ቃለ ጉባኤ አስጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው፣ ከምሳ በፊት ለዓሣ ሀብት ቢሮው ማስረከብ። በጫሞ ሐይቅ ዳር የአንድ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። መዝገቡን በፌስታል ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል።

ማተሚያው ግን ሥራ ላይ ነበር። ወረቀቱን አንድ በአንድ እየተፋ ከጎኑ ክንድ የሚያህል ቁልል ሠርቷል። ከቁልሉ አጠገብ ለሊሴ የምትባል ወጣት ተቀምጣለች። ከነቀምት መጥታ እዚሁ አርባ ምንጭ ሕግ የተማረችና አሁን ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጽሑፍ የምታዘጋጅ ልጅ ናት።

«ኸይሪያ፣ ይሄ ወረቀት ማለቂያ የለውም እንዴ?»

«ዓሣ አይደለም ጋሽ ጉታ፣ በአንድ መረብ አይወጣም። አረፍ ይበሉ» አለች ኸይሪያ።

«ይቅርታ አባባ፣ አስጠበቅኩዎ» አለች ለሊሴ ወንበሯን እየለቀቀችላቸው። «የአንዲት የአየርላንድ ሴናተር ንግግር ነው። ባገሯ ሸንጎ ቆማ የተናገረችው።»

«ነፍስ ይማር። መቼ ሞተች?»

«ኧረ በሕይወት አለች።»

«በሕይወት ላለ ሰው ይህን ሁሉ ማን ይጽፋል?»

«ሸንጎው ራሱ ነው የሚጽፈው። እዚያ ቤት ቆሞ የተናገረ ሰው ቃሉ አይጠፋም። እኔም እዚህ ሆኜ በስልኬ አገኘዋለሁ።»

አቶ ጉታ በዱቡሻ ያደጉ ሰው ናቸው። ጋሞዎች ነገር የሚያዩበትን፣ የተጣላ የሚያስታርቁበትን አደባባይ ከአባታቸው ጎን ተቀምጠው ነው ያወቁት። ስለዚህ የሸንጎ ወሬ ደስ አላቸው፤ እስኪ ጥቂት አንብቢልኝ አሉ። ልጅቱ ቁልሉን አገላበጠች።

«ያልተናገረችበት ነገር የለም። ስለ ቤት እጦት፣ ስለ ገጠር ሆስፒታል፣ አረጋውያንን ማን ይጡር ስለሚባለው። ይሄኛው ስለ ጀልባ ማረፊያ ነው።»

ጀልባ ሲባል አቶ ጉታ ቀና አሉ።

«በአንዲት የባሕር ዳር መንደር የማረፊያው ደረጃ ተሰንጥቋል፣ ሰው ሳይወድቅበት ይጠገን ትላለች።»

«በአገር ሸንጎ፣ ስለ ደረጃ?»

«ደረጃው ላይ የሚወጣው ሰው የአገሩ ሰው ነዋ፣ አባባ። እዚህ ጋ ሰብሳቢው ሰዓትሽ አልቋል ይላታል። አልጨረስኩም ትላለች። አንዱ ከኋላ ያፌዝባታል።»

«ፌዙም ተጽፏል?»

«ተጽፏል። ድምፅ ተሰጥቶ ተሸነፈች። ማን እንደደገፋት፣ ማን እንደተቃወማት በየስሙ ተዘርዝሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በሌላ ጉዳይ ተነሥታ፣ ባለፈው የተናገርኩት ስሕተት ነበር አለች። እሱም ይኸውና።»

አቶ ጉታ ወረቀቱን ተቀብለው የማያውቁትን ፊደል አተኩረው አዩት። ሸንጎ ገመናውን በገዛ ማኅተሙ ሲያወጣ ሰምተው አያውቁም። እጃቸውን ያቃጠላቸው ይመስል ወረቀቱን መለሱላት።

«ልጄ፣ ይሄ አገር ያፈርሳል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኛ ዘንድ ሰው የልቡን ይናገራል፣ ይከራከራል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ነገሩ ያልቃል። የተሸነፈው ቃል እዚያው ይቀበራል። ትናንት እንዲህ ብለህ ነበር ብሎ የሚቆፍር ነውረኛ ነው።»

«ጠብን መቅበር ጥበብ ነው አባባ፤ የናንተ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው የተቆጣ ሰው ሲመልሱ ሰምቻለሁ፤ በዚህ እናንተን የሚያስተምር የለም። ግን ማስጠንቀቂያ ጠብ ነው እንዴ? ደረጃው ተሰንጥቋል ማለት ማንን መስደብ ነው?»

«ሲጻፍ ቂም ይሆናል።»

«እነሱም የዛሬ መቶ ዓመት ወንድም ከወንድም ተጋድለዋል። የተታኮሱት ሰዎች ኋላ በአንድ ሸንጎ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ቃላቸውም እየተጻፈ ተከራከሩ። ቃሉ የተጻፈለት ሰው እኮ፣ አባባ፣ ለመሰማት ድንጋይ ማንሣት አያስፈልገውም።»

«የጠገበ አገር ያምርበታል።»

«ከኛ በላይ የተራቡ ናቸው። ድንቻቸውን በሽታ መትቶባቸው ሕዝባቸው እንደ ቅጠል ረግፏል። የተረፈው ተሰደደ።»

«ድንች?» አሉ አቶ ጉታ። እናታቸው ድንች ከሚበቅልበት ደጋ ከጨንቻ ነበሩ፤ ድንች የማይታመን ነገር መሆኑን ያን ቀን ሰሙ።

እውነቱን ለመናገር አቶ ጉታ ክፉ ሰው አይደሉም። ማኅበሩ አንድም ቀን ሳይከፋፈል አሥራ አንድ ዓመት መርተዋል፤ ይህንንም ቃለ ጉባኤዎቻቸው ይመሰክራሉ። ሁሉም «በሙሉ ድምፅ» ብለው ነው የሚያልቁት። ሰላም ያለበት ቤት ዝም ያለ ቤት ነው ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር፤ ብዙዎቻችንም እንዲሁ እናምናለን።

«ተራው የእርስዎ ነው» አለች ኸይሪያ። «የጸሐፊያችሁ የአቡሽ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ጮክ ብዬ እያነበብኩ ልጻፍ፤ ስሳሳት ያርሙኝ።»

ጣቶቿ ፈጠኑ። «የዓሣ ማውረጃው ከነባሩ ቦታ ተነሥቶ፣ አዲሱ መንገድ ወደሚደርስበት ወደ ሸምበቆው እንዲዛወር፣ የተገኙት አባላት በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል።»

«ማንም አልተቃወመም?» አለች ለሊሴ።

ሽማግሌው መዋሸት አያውቁም። «አንዲት ሴት ተናግራ ነበር። ዘሪቱ ትባላለች። የዛሬ ሦስት ዓመት እዚያ ሸምበቆ ውስጥ ባሏን አዞ በላባት። ከዚያ ወዲህ ቦታውን ትተነው ነበር፤ አሁን ግን መንገድ ተሠራለት፣ ዓሣ ጫኙ ፒካፕ ውኃው አፍ ድረስ ይመጣል። ሀዘንሽ ነው የሚናገረው ብዬ አረጋጋኋት። መረቅን፣ አለቀ።»

ኸይሪያ ወደ ስም ዝርዝሩ አለፈች። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት እያለች ወረደች።

«አሥራ አራት፣ ነህምያ ሻንካ።»

ጣቶቿ ቆሙ። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ደግማ አየችው።

«ጋሽ ጉታ፣ ነህምያ የዘሪቱ ባል አይደለም እንዴ? እዚህ በር ላይ ዓሣ ይሸጥልኝ የነበረው?»

«እሱ ነው» አሉ አቶ ጉታ። «እሱ ሲሞት አባልነቱ ለሚስቱ ተላለፈ። አቡሽ ዝርዝሩን ከድሮው እየገለበጠ...»

ዐረፍተ ነገሩን መጨረስ አልቻሉም። ዘሪቱ በባሏ ቦታ ተቀምጣ አይሆንም ብላለች። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን የባሏ ስም ነው፤ እሱም በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል። የሞተ ሰው የሞተበት ቦታ የዓሣ ማውረጃ ይሁን ብሎ ወስኗል። አቶ ጉታ ይህንን ወረቀት ይዘው ወደ ቢሮ ሊሄዱ ሁለት ሰዓት ነበር የቀራቸው።

ፌስታሉን ፈትተው መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። የዛሬ ሦስት ዓመቱን ገጽ አወጡ። ያን ጊዜም ነገሩ ሸምበቆው ነበር፤ ክረምት ገብቶ የነባሩ ማውረጃ መንገድ ጨቅይቶ ነበርና። ኸይሪያ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አደረገች። ከቀኑና ከመንገዱ ወሬ በቀር ቃል በቃል አንድ ነበሩ። በአሥራ አራተኛው መስመር የነህምያ ፊርማ አለ።

«እሱ ያን ቀን ተስማምቶ ነበር?» አለች ለሊሴ።

«አልተስማማም። ለመገኘቱ ፈረመ፣ ለመስማማት ሆነበት።» አቶ ጉታ በመዳፋቸው ገጹን ሸፈኑት። «መቅዘፊያውን ይዞ ቆመ። ውኃው ከመቅዘፊያው ይንጠባጠብ ነበር። ብዙ ተናገረ፣ ብዙ ነበር የተናገረው።»

«ምን አለ?»

አቶ ጉታ አሰቡ። ኸይሪያ ማተሚያውን አጠፋችው። የሰውየው አፍ ሲንቀሳቀስ ይታያቸዋል፣ እጁ ወደ ሸምበቆው ሲያመለክት ይታያቸዋል። ድምፅ ግን የለም። በአራት ወሩ የሞተውን ሰው፣ እንደሚሞት የነገራቸውን ሰው፣ አንዲት ቃል ሊያስታውሱለት አልቻሉም።

«ፊቱን አየዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ቃሉ ጠፋኝ።» ከዚያም «ኸይሪያ፣ አትጻፊው።»

«ቢሮው እስከ ምሳ ነው ብለዋል እኮ።»

«ይጠብቅ» ብለው ወደ ለሊሴ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ እጅሽ ፈጣን ነው፤ እርሳስና ወረቀት ይዘሽ ተከተይኝ።»

በባጃጅ ወደ ሐይቁ ወረዱ። ዘሪቱ በነባሩ ማውረጃ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዓሣ ትገፍፋለች፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ፍርፋሪ ፍለጋ ዙሪያዋን ከበው ይጠብቃሉ። ሽማግሌውን ስታይ አልተነሣችም።

«ጋሽ ጉታ፣ ሀዘኔን ፍለጋ መጡ?»

«የነህምያን ቃል ፍለጋ መጣሁ። ያን ቀን ምን ነበር ያለው?»

«እኔን ይጠይቁኛል? እዚያ ነበሩ እኮ።»

«ነበርኩ። አልያዝኩትም። መዝገቡም አልያዘውም፤ መዝገቡ ተስማማ ነው የሚለው።»

ዘሪቱ ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን ታጥባ፣ በቀሚሷ አድርቃ፣ ውኃውን እያየች ተናገረች።

«እንዲህ ነበር ያለው። ሸምበቆው ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሆድ ዱካ አያለሁ። አዞዋ እንቁላሏን የቀበረችው እዚያ ነው። ጀልባ የሚጎትት ሰው ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ ነው፣ አያያትም። መንገዱ ቢጨቀይም ዓሣውን ተሸክመን እንውጣ። ጭቃ ይታጠባል።»

ለሊሴ ጻፈች።

«ከቤት ሳይወጣ ሦስት ጊዜ ተለማመደው» አለች ዘሪቱ። «ሰው ፊት ሲቆም ይደነግጥ ነበር፤ እንዳይጠፋው እኔን አስያዘኝ።»

አቶ ጉታ አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«አንቺስ ባለፈው እሑድ ያልሽው?»

«ያው የእሱን ነው። መንገዱ ስለተሠራ አዞዋ አልሄደችም ብለው ይጨምሩበት።»

«በስምሽ ይጻፋል» አሉ አቶ ጉታ። ከዚያ ወደ ለሊሴ ዞረው፣ ቃሉን እየመረጡ፣ «ሊቀመንበሩ ለዘሪቱ ሀዘንሽ ነው የሚናገረው ማለቱ ስሕተት ነበር፤ ስሕተት መሆኑንም ራሱ ተናግሯል። እንዲህ ብለሽ ጻፊ» አሉ።

ለሊሴ ቀና ብላ አየቻቸው። «ይሄም ይጻፍ?»

«የዚያች ሴትዮስ ተጽፎ የለ?»

ከሁለት ቀን በኋላ፣ እሑድ፣ ማኅበሩ እንደገና ተሰበሰበ። አቶ ጉታ የነህምያን ቃል ጮክ ብለው አስነበቡ። ተነቦ ሲያልቅ ከኋላ የተቀመጠው ሳምሶን ተነሣ፤ ከማኅበሩ አንጋፋ ቀዛፊዎች አንዱ ነው። «የሆድ ዱካውን እኔም በዚህ ወር ሁለቴ አይቻለሁ» አለ። ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ ሲባል፣ «ብናገርስ? ወረቀቱ እንደሆነ ከኔ በፊት ተጽፎ ያድራል» ብሎ ተቀመጠ። ሰው ሳቀ፤ አቡሽ ግን አልሳቀም። ድምፅ ተሰጠ፤ ሃያ ሦስት ሰው ነባሩ ማውረጃ ይቆይ አለ፣ ዘጠኝ ሰው ወደ ሸምበቆው እንሂድ አለ፤ ዘጠኙም ከነምክንያታቸው ተጻፉ። አቶ ጉታ ጠብ ይነሣል ብለው ሲጠብቁ፣ የተሸነፉት ዘጠኙ ቃላቸው በትክክል መስፈሩን አስነብበው ተመርቀው ሄዱ።

ቢሮው ከዚህ በፊት ከማኅበሩ የሚደርሰው ስምምነት ብቻ ስለነበር መርምሮ አያውቅም። አሁን ግን ወረቀቱ ላይ አዞ፣ ዱካና የሰው ሞት አነበበ፤ ባለሙያ ልኮ ሸምበቆውን አሳየ፣ የአዞዋም ጎጆ ተገኘ። ለነባሩ ማውረጃ መንገድ ጠጠር እንዲደፋ ተጠየቀ፤ እስኪደፋ ድረስ ሰዉ ዓሣውን እየተሸከመ በጭቃ ይወጣል፣ ይማረራል፣ እግሩን ታጥቦ በሕይወት ቤቱ ይገባል። ስምምነት ጌጥ ነው፤ የተቃወመ ሰው ቃል ግን አጥር ነው፣ አጥሩን ለማገዶ ያነደደ ቤት ጌጡ አያድነውም። አቶ ጉታ ዛሬ ይህን ለሌሎች ማኅበራት ሊቃነ መናብርት ሲመክሩ፣ ያችን የሩቅ አገር ሴትዮ «ባለ ደረጃዋ» ነው የሚሏት።

ኸይሪያ የጻፈችው አዲሱ ቃለ ጉባኤ ለፊርማ ወደ ሐይቁ ሲመጣ በአሥራ አራተኛው መስመር ላይ ዘሪቱ ከነአባቷ ስም ሰፍራ ነበር። ዘሪቱ ግን ለመፈረም አልቸኮለችም። ወደ ገጹ አናት ተመልሳ የነህምያን ቃል ፈለገች፤ «ጭቃ ይታጠባል» ከሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈች።

«ይሄ ወረቀት የት ነው የሚቀመጠው?»

«መዝገቡ ውስጥ። ማንም መጥቶ ያነበዋል» አሉ አቶ ጉታ።

«እንግዲህ እኔ በቃሌ መያዙን ልተወው» አለችና ፈረመች። ከዚያ ቢላዋዋን አንሥታ ወደ ዓሣዋ ተመለሰች።