የወይዘሮ ባዩሽ ጽጌረዳ ስንቅ

ሔርሜላ ሱቅ ተልካ ስትወጣ ጡረተኛው ጎረቤታቸው ጋሼ ሸዋንዳኝ በከዘራ አባ ኮዳ ሲያባርሩ አገኘቻቸው። ወፉ ሽታ ተከትሎ መጥቶ፣ ጀሪካን ውስጥ ከተተከለችው ጽጌረዳ ሥር የተቀበረ የዓሣ ጭንቅላት መንጭቆ አውጥቷል። ጽጌረዳዋ ተጋድማለች።

ሌላ ልጅ ብትሆን ሰላም ብላ ታልፍ ነበር። የሔርሜላ አፍ ግን አያርፍም።

«ጋሼ፣ የማን ቀብር ነው?» አለች።

ሽማግሌው አልሳቁም። ጽጌረዳዋን ሟች ባለቤታቸው ወይዘሮ ባዩሽ ከደብረ ማርቆስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ነበር ያመጧት። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ቅጠሏ እየገረጣ ይረግፋል። የጫሞ ሐይቅ ዓሣ ያወፍራታል ብሎ የመከራቸው ወዳጅ ነው። ይቺ ከደረቀች ከባዩሽ እጅ የቀረ ሕይወት ያለው ነገር በቤቱ አይኖርም።

ሔርሜላ ቀልዷን ዋጠች። ጥሬ ዓሣ እዚያው ሲበሰብስ ሥር እንደሚጎዳ፣ ጀሪካኑም ከታች ስላልተበሳ ውሃው ተኝቶ እንደሚያፍናት ነገረቻቸው። የሚያስፈልጋት በደንብ የበሰበሰ ፍግ ነው አለች።

ፍግ ሲባል ፊታቸው ተለወጠ። የአባታቸውን ማሳ ከእግዜር በቀር ማን መግቦት ያውቃል ብለው ጠየቋት።

«የአባትዎ ማሳ ላይ ከብት ይውልበታል፤ መሬቱም ያርፋል። ደጅ ያለ ዛፍ ቢርበው ሥሩን ሰዶ ይፈልጋል። ይቺ ግን እስረኛ ናት፣ ጋሼ። እስረኛ ስንቅ ካልሄደለት ምን ይበላል?»

«ለእስረኛም ቢሆን እበት አይቀርብም። ባዩሽ በንጹሕ ውሃ ነው ያሳደገቻት።»

ሔርሜላ ትንሽ አመነታች። የሙት ምስጢር ማውጣት ደስ አይልም፤ ግን ጽጌረዳዋ እየሞተች ነው።

«እትዬ ባዩሽ እርስዎ ቢሮ ሲሄዱ በጓሯችን ይመጡ ነበር። እናቴ የጨንቻ ሰው ናት፤ እንሰት በፍግ ሲያድግ እያየች ነው ያደገችው። ለሙዟ ካበሰበሰችው ትዘግንላቸዋለች፣ እኔ እሸከማለሁ። ‹ጋሼ እንዳይሰሙ፣ ይጸየፋሉ› ይሉኝ ነበር።»

ጋሼ ሸዋንዳኝ ከዘራቸውን ተደግፈው አቀረቀሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሔርሜላ አስለቀስኳቸው ብላ ደነገጠች። ለካ እየሳቁ ነው፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር።

«እኔን ፈርታ ተደብቃ ኖረች በዪኛ» አሉ። ቀጥለውም እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

የሔርሜላ እናት ጌጤ ፍጉን በቅርጫት አመጣች። ጀሪካኑን በጋለ ምስማር በሱት፤ አፈሩን ከወንዝ አሸዋና ሽታው ከጠፋ ፍግ ጋር አዋሕደው ጽጌረዳዋን መልሰው ተከሏት። የበልጉ ዝናብ ሲገባ ቀይ ቀንበጥ አወጣች።

በዕቃ የተተከለ ነገር እጃችንን ጠባቂ ነው፤ ውሃ ባጠጣነው ቁጥር ምግቡም አብሮ ይታጠባል። ስለዚህ ከሰፈሩ ቤቶች ቦይ ውስጥ ይጣል የነበረው የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላና የሽፈራው ቅጠል ዛሬ በጋሼ ጓሮ ጉድጓድ ተቆፍሮለት፣ አፈር እየለበሰ ይበሰብሳል። ቦዩ ጸዳ፣ ዝንቡ ቀነሰ፣ በየጀሪካኑ ቃሪያና ጎመን ደረሰ።

ባለፈው አንድ የድሮ የቢሮ ባልደረባቸው መጥቶ ፍግ መኖሩን ሲሰማ አፍንጫውን ያዘ። ጋሼ ሸዋንዳኝ ክንዱን ይዘው ወደ ጓሮ ሳቡት።

«ና፣ ባለቤቴ የደበቀችኝን ላሳይህ» አሉት።